ኢሜይልን በእጅ መጻፍ ወይስ በኤምጄኤምኤል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ማኅበር ወርሃዊ ኢሜይል የማዘጋጀት ኃላፊነት ተሰጠኝ። ከአባላቱ ገሚሱ አዲስ አበባ፣ ገሚሱ አሜሪካ ይኖራሉ። የመጀመሪያውን መልእክት ሁለት ዓምድ አድርጌ ሠራሁት፤ በግራ ዜናው፣ በቀኝ የስብሰባው ቀንና የመዋጮው ማስታወሻ። በኮምፒውተሬ ላይ ሳየው ያምር ነበር። በማግስቱ ከማኅበሩ አንጋፋ አባላት አንዱ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ግን የጉንዳን ሰልፍ ነው የሚመስለው። በሁለት ጣቴ እየለጠጥኩ ነው ያነበብኩት» አሉኝ። የላክሁት ገጽ ለሰፊ ስክሪን የተሰፋ ልብስ ነበር፤ እሳቸው የከፈቱት ደግሞ በመዳፍ በምትያዝ ስልክ ነው።

መፍትሔ ስፈልግ ሁለት ምክር ደረሰኝ። አንዱ «ኤችቲኤምኤሉን በእጅሽ ጻፊው፤ እያንዳንዱን መስመር ዕወቂው» የሚል ነበር። ሌላው «ለዚሁ ሥራ የተበጀ ቋንቋ አለ፤ በኤምጄኤምኤል ጻፊ፤ የቀረውን እሱ ይጨርስልሻል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በሁለቱም መንገድ ሠርቻለሁ። የሁለቱም ወገን ክርክር እውነት አለው። ስለዚህ አንዱን አንግሦ ሌላውን ከመጣል በፊት ሁለቱንም በደንብ ማድመጥ ይገባል።

ችግሩ ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ2010 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኤታን ማርኮት የተባለው አሜሪካዊ ዲዛይነር አንድ ገጽ ራሱን ከስክሪኑ ስፋት ጋር እንዲያስማማ የሚያደርገውን አሠራር ስም ሰጥቶ ካስተዋወቀ ወዲህ፣ ድረ ገጽ ለሚሠሩ ሰዎች ነገሩ የዕለት ተዕለት ሥራ ሆኗል። ክሮም፣ ፋየርፎክስና ሳፋሪ በአብዛኛው ለአንድ ዓይነት ደንብ ይገዛሉ። ኢሜይል ግን የጋራ ዳኛ የለውም። እያንዳንዱ የኢሜይል መተግበሪያ የመጣለትን ኮድ በራሱ ሕግ ይቆርጣል፣ የማይወደውን ይጥላል፣ የተረፈውን እንደመሰለው ያሳያል።

ትልቁ እንቅፋት የማይክሮሶፍት አውትሉክ ነው። አውትሉክ 2003 መልእክትን የሚያሳየው በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ሞተር ነበር፤ አውትሉክ 2007 ሲመጣ ግን ሥራው ለዎርድ ተሰጠ። ሰነድ ለመጻፍ የተሠራ ፕሮግራም የገጽ ንድፍ እንዲያነብ ተደረገ ማለት ነው። በዚህም የተነሣ በተለመደው የስታይል ቋንቋ በሲኤስኤስ የተቀመጠ የጀርባ ሥዕል አይታይም፤ ክብ የተደረገ የአዝራር ጠርዝ ባለ ማዕዘን ይሆናል፤ «ከዚህ ስፋት አትለፍ» የሚለው ትእዛዝ አይሰማም። ኢሜይል ሠሪዎች በ1990ዎቹ ወደነበረው ልማድ ተመልሰው በሰንጠረዥ ውስጥ ሰንጠረዥ እየከተቱ ገጽ ማቆም ግድ ሆነባቸው።

ጂሜይልም የራሱ ታሪክ አለው። በኮዱ ራስጌ የተቀመጠውን የስታይል ክፍል ለዓመታት ሲጥል ኖሮ፣ የስክሪኑን ስፋት እያየ የሚለዋወጥ ስታይል መቀበል የጀመረው በ2016 ነው። ዛሬም ቢሆን በጂሜይል መተግበሪያ ውስጥ የሌላ ድርጅት የኢሜይል አድራሻ አስገብቶ የሚጠቀም ሰው ይህ አይደርሰውም። ኢሜይል የሚሠራ ሰው ሸክሙ የሚከብደው ለዚህ ነው። ንድፉን ከማሰቡ በፊት የአሥርና የሃያ ዓመት ሕጎችን ማስታወስ አለበት።

ኤምጄኤምኤል ምን ያደርጋል?

ኤምጄኤምኤልን የሠራው ፓሪስ ላይ የተመሠረተው ሜይልጄት የተባለ የኢሜይል አገልግሎት ድርጅት ሲሆን፣ ኮዱን በ2016 ማንም በነጻ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። በዚህ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው ሰንጠረዥ አይጽፍም። ገጹን በክፍሎች ይከፍላል፣ በክፍሎቹ ውስጥ ዓምድ ያቆማል፣ በዓምዶቹ ውስጥ ጽሑፍ፣ ሥዕልና አዝራር ያስቀምጣል። ለእያንዳንዱ መለያ አለው፤ ኤምጄ-ሴክሽን፣ ኤምጄ-ኮለም፣ ኤምጄ-ቴክስት፣ ኤምጄ-ኢሜጅ፣ ኤምጄ-በተን እያለ ይቀጥላል። ከዚያ በጃቫስክሪፕት የተጻፈው መለወጫ ይህን አጭር ጽሑፍ አንብቦ የኢሜይል መተግበሪያዎች የሚረዱትን ረጅም ኤችቲኤምኤል ያወጣል።

ብልሃቱ ዓምዶቹን በሚያወጣበት መንገድ ላይ ነው። እያንዳንዱ ዓምድ ሲጀመር ሙሉውን ስፋት የያዘ ሆኖ ይጻፋል። ሌላ ካልታዘዘ በቀር ዓምዶቹ ጎን ለጎን የሚሰለፉት ስክሪኑ 480 ፒክስልና ከዚያ በላይ ሲሰፋ ነው። ከዚህ ጋር አውትሉክ ብቻ የሚያየው፣ ሌላው ሁሉ የሚዘለው ሌላ ሰንጠረዥ በአስተያየት ምልክት ተሸፍኖ አብሮ ይጓዛል። የስፋት ጥያቄውን የማይሰማ መተግበሪያ ቢያጋጥም ዓምዶቹ አንዱ ከሌላው ሥር ይደረደራሉ። ላያምር ይችላል፤ ግን ይነበባል። የእኔ የጉንዳን ሰልፍ በዚህ መንገድ ቢሠራ ኖሮ ዜናው ከላይ፣ የስብሰባው ቀን ከሥሩ ሆኖ በደህና መጠን ይደርስ ነበር።

ደጋፊዎቹ የሚሉት

የመጀመሪያው ክርክራቸው ጊዜ ነው። ባለ ሁለት ዓምድ ገጽ በእጅ ለማቆም ሰንጠረዡን፣ የአውትሉኩን ሽፋን፣ በየመስመሩ የሚደጋገመውን ስታይል ሁሉ መጻፍ ያስፈልጋል። በኤምጄኤምኤል ያው ገጽ በጥቂት መስመር ያልቃል። ከዚህም በላይ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ ላየው ሰው ይገባል። «ክፍል፣ ዓምድ፣ ጽሑፍ» የሚለውን አዲስ የመጣ ሠራተኛም በአንድ ቀን ያነበዋል። በእጅ የተጻፈውን የሰንጠረዥ ክምር ግን ብዙ ጊዜ ከጻፈው ሰው በቀር የሚደፍረው የለም።

ሁለተኛው የተጠራቀመ ልምድ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ በየሀገሩ ያሉ ሠሪዎች በየመተግበሪያው ያጋጠማቸውን ብልሽት ሪፖርት እያደረጉ መለወጫው ሲታረም ኖሯል። በእጁ የሚጽፍ ሰው ያንን ሁሉ ብቻውን፣ በራሱ ስሕተት እየተማረ ነው የሚደርስበት።

ሦስተኛው አንድነት ነው። የፊደሉን መጠን፣ ቀለሙን፣ የአዝራሩን ቅርጽ በራስጌው አንድ ጊዜ መወሰን ይቻላል፤ የግርጌውን ጽሑፍ በሌላ ፋይል አስቀምጦ በየመልእክቱ መጥራትም ይቻላል። አድራሻ ሲቀየር ሃያ ፋይል መክፈት ይቀራል።

ለእኔ ከሁሉ ሚዛን የሚደፋው ግን አራተኛው ነው። ማይክሮሶፍት አዲሱን የዊንዶውስ አውትሉክ የሠራው በድር ሞተር ላይ ነው። የዎርዱ ሞተር ያለበት ነባሩ አውትሉክ ቢያንስ እስከ 2029 እንደሚደገፍ ኩባንያው አስታውቋል፤ ከዚያ በኋላ ግን የሰንጠረዡ ዘመን ወደ ማብቂያው ይቀርባል። ያን ጊዜ በእጅ የተጻፈ ሁሉ እንደገና በእጅ ይጸዳል። በኤምጄኤምኤል የጻፈ ሰው ግን ያቆየው «ሁለት ዓምድ እፈልጋለሁ» የሚለውን ሐሳቡን ስለሆነ፣ መለወጫው በታደሰ ጊዜ ያንኑ ጽሑፍ አዲስ ኤችቲኤምኤል ሊያወጣበት ይችላል። ሐሳቡ ከዘመኑ ብልሃት ተለይቶ ተቀምጧል።

ተቃዋሚዎቹ የሚሉት

በእጅ መጻፍን የሚመርጡ ሰዎች የሚያነሡት ቀላል አይደለም። በመጀመሪያ፣ ቋንቋው አጥር አለው። ዓምድ በዓምድ ውስጥ፣ ክፍል በክፍል ውስጥ አይገባም። አብዛኛው መልእክት ከዚህ አጥር ውስጥ በምቾት ይኖራል። ንድፉ ትንሽ ወጣ ሲል ግን ኤምጄ-ሮው በሚባለው መለያ ውስጥ ጥሬ ኤችቲኤምኤል መጨመር ይመጣል፤ ያኔ የሸሹት ሥራ ተመልሶ ይጠብቃል። የተቀባዩን ሁኔታ እያየ የሚለዋወጥ መልእክት የሚልኩ ሰዎችም «እንዲህ ከሆነ ይህን ክፍል አሳይ» የሚሉትን ትእዛዞች በመለያዎቹ መካከል ለማስቀመጥ ወደዚያው ጥሬ ኮድ ይሄዳሉ።

ሁለተኛው ክብደት ነው። መለወጫው ለማንኛውም ንድፍ የሚሆን ጥንቃቄ ስለሚያስገባ የሚያወጣው ኮድ በጥንቃቄ በእጅ ከተጻፈው ይረዝማል። ጂሜይል ደግሞ 102 ኪሎባይት ያለፈ መልእክትን ከመካከል ቆርጦ የቀረውን ለማየት ተጨማሪ ነገር እንዲነኩ ያደርጋል። የሚቆረጠው የታችኛው ክፍል ነው፤ ብዙ ጊዜ አድራሻውና «ከእንግዲህ አይላክልኝ» የሚለው ማያያዣ የሚቀመጡት እዚያ ነው። ተቀባዩ መውጫውን ሲያጣ መልእክቱን አይፈለጌ ብሎ ይመድበዋል፤ ያ ደግሞ የላኪውን ስም ይጎዳል።

ሦስተኛው በእኔም የደረሰ ነው። በአንድ ወር መልእክት ላይ በአንዳንድ አባላት አውትሉክ ውስጥ በሁለት ክፍሎች መካከል ነጭ ስንጥቅ ታየ። የጻፍሁት አርባ መስመር ነበር፤ ስሕተቱን የምፈልገው ግን እኔ ባልጻፍኋቸው በመቶ በሚቆጠሩ መስመሮች ውስጥ ሆነ። ሰንጠረዥ እንዴት እንደሚነበብ ቀድሜ ባልማር ኖሮ ስንጥቁን እንደያዘ እንዲሄድ ከመተው ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። በእጅ መጻፍን የሚደግፉት ሰዎች ጠንካራ ነጥብ ይህ ነው። መሣሪያው እውቀቱን ከአንተ ቢሸፍንም ችግሩን አልሸፈነም፤ በተበላሸ ቀን ያንኑ እውቀት ይጠይቅሃል።

አራተኛው ጥገኝነት ነው። ሜይልጄት በ2019 ለሜይልገን ተሸጠ፤ በ2021 ደግሞ ሁለቱን የያዘውን ድርጅት የስዊድኑ ሲንች ገዛው። ባለቤት ሲቀያየር የመሣሪያው ዕጣ ምን ይሆናል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የአሜሪካው ዙርብ በ2013 ኢንክ ብሎ ያወጣው፣ በኋላ ፋውንዴሽን ፎር ኢሜይልስ የተባለው ተመሳሳይ መሣሪያ በዘመኑ ብዙ ተከታይ ነበረው፤ ዛሬ ያ ድምቀት የለውም። ለዚህ የኤምጄኤምኤል ወገን መልስ አለው። ፈቃዱ ክፍት የሆነው የኤምአይቲ ፈቃድ ስለሆነ ኮዱን ማንም ወስዶ ሊያስቀጥለው ይችላል፤ የወጣው ኤችቲኤምኤልም የላኪው ንብረት ነው፤ መለወጫው ነገ ቢጠፋ ትናንት የወጣው መሥራቱን አያቆምም። መልሱ እውነት ነው። ሆኖም ያ የቀረው ኤችቲኤምኤል ለሰው ዓይን ተብሎ ያልተጻፈ መሆኑም እውነት ነው።

ከሁለቱም ውጭ የሚነሣ አንድ ነጥብ አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋም ይመስለኛል። ምንም ስታይል ያልተጨመረበት፣ አንድ ዓምድ ያለው፣ አንቀጾችና አንድ ማያያዣ ብቻ የያዘ ኤችቲኤምኤል በባሕርዩ ከስክሪኑ ጋር ይስማማል። ጽሑፉ ስልኩ ሲጠብ ይጠባል፣ ሲሰፋ ይሰፋል። የስብሰባ ጥሪ ለመላክ ቋንቋም ሰንጠረዥም አያስፈልግም። አንዳንዱ መልእክት በሁለት ዓምድ የሚሠራው ነገሩ ፈልጎት ሳይሆን ባዶ ቦታ ስለሚያስፈራን ነው። የእኔም የመጀመሪያ ስሕተት እዚያ ላይ ነበር። የስብሰባው ቀን ከዜናው ጎን እንዲቆም ያስገደደኝ አንድም ነገር አልነበረም።

በአማርኛ ሲጻፍ

በየትኛውም መንገድ ቢሠራ መሣሪያዎቹ የተበጁት የእኛን ፊደል አስበው አይደለም። በኤምጄኤምኤል የጽሑፉ የመነሻ ፎንት ኡቡንቱ፣ ከእሱ ቀጥሎ ሄልቬቲካና ኤሪያል ናቸው። ኡቡንቱ የግእዝ ፊደል የለውም። መተግበሪያው ፊደሉን ከመሣሪያው ላይ ፈልጎ ይተካል፤ በዊንዶውስ ኒያላ ወይም ኤብሪማ፣ በማክ ከፋ፣ በአንድሮይድ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ሊሆን ይችላል። የእነዚህ ስፋትና ቁመት አንድ አይደለም። በአንዱ ስልክ ላይ በአንድ መስመር ያለቀ ርእስ በሌላው ላይ ሁለት መስመር ይሆናል። የፎንቶቹን ስም በቅደም ተከተል ራስ ጽፎ ማስቀመጥ ይሻላል።

የመነሻው የፊደል መጠን 13 ፒክስል፣ የመስመሩ ከፍታ ደግሞ 1 ነው። ለላቲን ጽሑፍም ጠባብ ነው፤ ለእኛ ደግሞ ይከብዳል። በ«በ» እና በ«ቡ» መካከል ያለው ልዩነት በጎን የወጣች አንዲት ቅጥያ ናት፤ ፊደሉ ሲያንስ መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት። መስመሮቹ ሲቀራረቡም ገጹ አንድ ጥቁር ሰሌዳ ይመስላል። እኔ 17 ፒክስልና 1.6 ከፍታ ካደረግሁ ወዲህ በሁለት ጣት ስለመለጠጥ የደወለልኝ የለም። በእጅ ለሚጽፍ ሰውም ያው ሕግ ይሠራል፤ ልዩነቱ በእጅ የሚጽፈው መጠኑን ራሱ መርጦ ስለሚጽፍ ሳያስብበት አያልፈውም። የመሣሪያው ተጠቃሚ ግን ካልነካው 13 ሆኖ ይሄዳል።

ክብደቱም እዚህ ላይ ይመለሳል። ፊደሎች በኮምፒውተር በሚጻፉበት በዩቲኤፍ-8 ሥርዓት አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ አንድ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን ባንድነት ስለሚሸከም ጽሑፉ በፊደል ብዛት ያጥራል፤ ስለዚህ ልዩነቱ ሙሉ ሦስት እጥፍ አይሆንም። ሆኖም ረጅም የአማርኛ ጽሑፍ ከመለወጫው ረጅም ኮድ ጋር ሲደመር ወደ 102 ኪሎባይቱ ገደብ የሚቀርበው ቶሎ ነው። በመልእክቱ ውስጥ ሙሉ ጽሑፍ ከማስገባት መክፈቻውን ብቻ አስገብቶ የቀረውን በማያያዣ መስጠት ይህን ይከላከላል። የቋንቋውን መለያ አማርኛ ብሎ መሙላትም መረሳት የለበትም፤ ዓይነ ስውራን የሚጠቀሙበት የማንበቢያ ፕሮግራም በየትኛው ቋንቋ እንደሚያነብ የሚያውቀው ከዚያ ነው። ኤምጄኤምኤል ለገጽ ማቆሚያ በሚያወጣቸው ሰንጠረዦች ላይ «ይህ የመረጃ ሰንጠረዥ አይደለም» የሚለውን ምልክት ራሱ ያስቀምጣል። ይህ በእጅ የሚጽፉ ብዙዎች የሚረሱት ነገር ነው። ርእሱን እንደ ርእስ ምልክት የማድረጉ ኃላፊነት ግን በሁለቱም መንገድ የጸሐፊው ነው።

ሚዛኑ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥያቄው «የትኛው ይበልጣል?» ሳይሆን «ምን ያህል መልእክት፣ በስንት እጅ፣ ሲበላሽ ማን ያስተካክለዋል?» የሚለው ነው ብዬ አምናለሁ። በየሳምንቱ ወይም በየወሩ የሚለዋወጥ መልእክት የሚልክ፣ ሥራው ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍበት ቢሮ ወይም ማኅበር በኤምጄኤምኤል ይጠቀማል። የሚተወው ነጻነት ትንሽ ነው፤ የሚያተርፈው ደግሞ የተረካቢውን ጊዜና የአንባቢውን ዓይን ነው። በዓመት አንዴ ተሠርቶ ሺህ ጊዜ የሚላክ ደረሰኝ ወይም የይለፍ ቃል መቀየሪያ ግን ሌላ ነው። አጭር ነው፣ አይለዋወጥም፣ መሰበር የለበትም። እዚያ ላይ እያንዳንዱን መስመር በእጅ ጽፎ ማወቁ ዋጋ አለው።

በእጅ መጻፍን የሚደግፉ ወገኖች ግን አንድ ነገር አሸንፈውኛል። ኤምጄኤምኤልን የሚጠቀም ሰው ቢያንስ አንድ መልእክት በሰንጠረዥ በእጁ ጽፎ መላክ አለበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና፣ ያንን የዘለለ ሰው በብልሽቱ ቀን መለወጫው ባወጣው ኮድ ፊት ባዳ ሆኖ ይቆማል። ነጩን ስንጥቅ መድፈን ሁለት ምሽት ወስዶብኛል። ሰንጠረዡን ባላውቀው ኖሮ ዛሬም አይደፈንም ነበር።

አሁን የማኅበሩን ወርሃዊ ኢሜይል በኤምጄኤምኤል እጽፋለሁ፤ ዓምዱ አንድ ብቻ ነው። የመዋጮ ደረሰኙን በእጄ ጽፌዋለሁ፤ ከሠላሳ መስመር አይበልጥም። ከመላኬ በፊት በትንሽ ስልክ፣ በነባሩ አውትሉክና በጂሜይል መተግበሪያ ውስጥ በገባ የሌላ ድርጅት አድራሻ እከፍተዋለሁ። ባለፈው ጊዜ እኚያ አባት ሌላ ጉዳይ ኖሯቸው ሲደውሉ ስለ ደብዳቤው ጠየቅኋቸው። «እሱማ አነበብኩት፤ ስብሰባው ለምን ወደ እሑድ ተዛወረ?» አሉኝ። የገጹን ነገር አላነሡም። ያሰቡት ስለ ስብሰባው ነበር።